ሱፍ ያልሆነው ሱፍ፦ ልብሳችን የተሠራበት ክር ከውስጡ ሲታይ

ሙሽራው «ሱፍ ለብሷል» ይባላል። የኮቱን ውስጥ ገልጦ ምልክቱን ያነበበ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው «ፖሊስተር 65 በመቶ፣ ቪስኮስ 35 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ነው። የበግ ፀጉር አልነካውም። «ሐር» ተብሎ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ሻሽም አብዛኛውን ጊዜ የሐር ትል አያውቅም። በእኛ ገበያ ጨርቅ ስም የሚወጣለት በመልኩ ነው፤ ወፈር ብሎ ከተተኮሰ ሱፍ፣ ካብረቀረቀ ሐር፣ ነጭና ሳሳ ያለ ከሆነ ጥጥ።

ላብ ሲነካው፣ ካውያ ሲያርፍበት፣ በረኪና ሲፈስበት ወይም የከሰል ፍንጣሪ ሲወድቅበት ግን ጨርቁ ስሙን አይጠይቅም። የሚሆነውን የሚወስነው ክሩ የተሠራበት ነገር ነው። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ፋይበር ከግማሽ በላዩ ፖሊስተር፣ አንድ አምስተኛ ገደማው ጥጥ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ማወቅ ለሸማኔና ለልብስ ሰፊ ብቻ የሚተው አይደለም።

ፋይበር የሚባለው የቱ ነው?

ከጋቢ ዳር አንድ የማግ ክር ሳብ አድርገው ያውጡና በተፈተለበት ተቃራኒ ያፍታቱት። ክሩ ይላላል፣ ከዚያ ወደ ባዘቶነቱ ይመለሳል። ከባዘቶው ነጥለው የሚያወጧት አንዷ ጭራ ፋይበር ናት። የጥጥ ከሆነች ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ፀጉርም ትቀጥናለች።

ይህች ጭራ ደግሞ በውስጧ ጎን ለጎን ከተኙ እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሠራች ናት። መቁጠሪያ ያስቡ፦ አንድ ዓይነት ፍሬ በመቶና በሺህ ጊዜ እየተደጋገመ የተሰካበት። እንዲህ ዓይነቱ ሞለኪውል ፖሊመር ይባላል። የጥጥ ፍሬው ግሉኮስ ነው። የሱፍና የሐር ፍሬ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የሥጋና የእንቁላል ፕሮቲን የሚሠራበት ነው። የፖሊስተር፣ የናይለንና የአክሪሊክ ፍሬ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነው። ስለ አንድ ክር መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ፍሬው ከውሃ ጋር ይዋደዳል ወይስ ከዘይት ጋር የሚለው ነው። ከታች ያለው አብዛኛው ጉዳይ ከዚህ ጥያቄ መልስ የሚመነጭ ነው።

ጥጥና እንጀራ ከአንድ ነገር ከተሠሩ ጥጥ ለምን አይበላም?

የጤፍ ስታርችም የጥጥ ሴሉሎስም ፍሬያቸው ግሉኮስ ነው። ልዩነቱ አሰካኩ ላይ ነው። በስታርች ውስጥ ፍሬዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዞረው ስለሚሰኩ ሰንሰለቱ እንደ ሽቦ ጥቅልል ይጠቀለላል፤ የአፋችንና የአንጀታችን ኢንዛይም ገብቶ ይፈታዋል። በጥጥ ውስጥ ግን አንዱ ፍሬ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እየተገለበጠ ይሰካል። ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይያያዛል፣ እኛ ያለን ኢንዛይም መግቢያ ያጣል። ላምም ብትሆን ሣሩን የምታብላላው በሆዷ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እርዳታ ነው።

በእያንዳንዱ የጥጥ ፍሬ ላይ ሦስት የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ጥንዶች ተንጠልጥለዋል። ውሃም የተሠራው ከእነዚሁ ስለሆነ ጥጥ ውሃን እንደ ዘመድ ይቀበላል። የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን ጥጥ የደረቅ ክብደቱን 8.5 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ፖሊስተር 0.4 በመቶ ብቻ። ሁለት ኪሎ የሚመዝን «ደረቅ» ጋቢ ቢኖር 150 ግራም ያህሉ ውሃ ነው ማለት ነው፣ ሲዳሰስ ባይታወቅም።

ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፤ ጥንካሬው ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጨምራል። ነጠላ ወንዝ ዳር በድንጋይ ላይ እየታሸ ዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ቪስኮስ ግን እዚህ ላይ ያሳስታል። እሱም ሴሉሎስ ነው፤ የእንጨት ብስባሽ በኮስቲክ ሶዳና ካርቦን ዳይሰልፋይድ በሚባል ፈሳሽ ሟሙቶ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ አሲድ መታጠቢያ እየተገፋ እንደገና ክር የሚሆን። ዘዴውን እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1892 ነው ያወጡት። በዚህ ሁሉ ጉዞ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፦ በጥሬ ጥጥ እስከ 10,000 ፍሬ የነበረው በቪስኮስ ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳል። ውጤቱ ውሃ ሲነካው ጥንካሬው እስከ ግማሽ የሚቀንስ ክር ነው። ለጥለት ከሚገቡት አብረቅራቂ ክሮች አንዱ፣ «አርት ሲልክ» የሚባለው፣ ይኸው ቪስኮስ ነው። ነጠላው ታጥቦ በኃይል ሲጠመዘዝ ሸማው ደህና ሆኖ ጥለቱ የሚበጣጠሰው ስለዚህ ነው። ጥለት አይጠመዘዝም፤ በፎጣ መሃል ተጠቅልሎ ይጨመቃል።

ጋቢ የሚያሞቀው ጥጥ ስለሆነ ነው?

በከፊል ብቻ። የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ከፋብሪካ ክር ይልቅ ላላ ያለ ስለሆነ ብዙ አየር ይይዛል፤ ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ዝናብ ሲመታው አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይወስዳል፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ያሳልፋል። በደጋ የረጠበ ጋቢ ከሌጣ ሸሚዝ የማይሻልበት ጊዜ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸማ ሲታጠብ ለምን ይሰበሰባል?

ፋይበሯ ውሃ ስትጠጣ በርዝመት ብዙም ሳትጨምር በውፍረት ታብጣለች። ክሩ ሲወፍር፣ ማጉ በድሩ ላይና ታች ለመሽሎክሎክ ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋል። የክሩ ርዝመት ግን ያው ስለሆነ ጨርቁ ራሱ ያጥራል። በዚህ ላይ ድሩ ሸማኔው መቃ ላይ ተወጥሮ የነበረ ስለሆነ፣ ውሃ ሲያገኝ ውጥረቱን ይለቃል። ስለዚህ አዲስ ሸማ ሳይሰፋ በፊት ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተዘርግቶ ደርቆ፣ ከዚያ ቢቆረጥ ይሻላል። ሳይነከር የተሰፋ ቀሚስ ከመጀመሪያ እጥበት በኋላ ሸማው ሲሰበሰብ የተሰፋበት የፖሊስተር ክር አይሰበሰብም፤ ስፌቱ ዙሪያውን ይጨማደዳል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሰዎች ጋቢን ከልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ግማሽ ሆኖ የሚያወጡትም ከዚሁ ነው፤ ማሽኑ ሙቀቱንና መንከባለሉን ስለሚጨምርበት ባዘቶው እርስ በርስ ይተበተባል።

ሱፍና ፀጉራችን

እውነተኛው ሱፍ፣ የመንዝ ባናና በርኖስ የሚሠራበት፣ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። የሰው ፀጉርና ጥፍርም እሱው ነው። ሰንሰለቶቹን እንደ መሰላል ርብራብ አንዱን ከሌላው የሚያያይዙ የድኝ ድልድዮች አሉት። ሱፍ ተጨምድዶ ራሱን የሚመልሰው እነሱ ስለሚስቡት ነው። ሲቃጠል የሚሸተው ጠንካራ ሽታም ከዚያው ድኝ ነው።

እነዚህን ድልድዮች የሚያፈርሰው አልካላይ፣ ማለትም እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ነው። አንዳንድ የፀጉር ማለስለሻ ክሬሞች ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ድልድዩን ሰብረው ፀጉሩን ያስተኙታል፣ ብዙ ከቆዩ ደግሞ ይበሉታል። ሱፍ ላይም ያው ነው። በረኪና ደግሞ ይብሳል፦ 5 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለው የቤት በረኪና ውስጥ የተነከረ የሱፍ ክር በ20 ደቂቃ ገደማ ሟሙቶ ይጠፋል። ሐርም እንዲሁ። ጥጡ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ይነጣል እንጂ አይሟሟም፤ ግን በየሳምንቱ ያልተበረዘ በረኪና የሚፈስበት ጥጥም ሰንሰለቱ እየተቆረጠ ሄዶ አንድ ቀን ሲታሽ ይተረተራል።

ለሱፍና ለሐር የሚስማማው ለስላሳ ሳሙና ነው። እንዶድ በዚህ ረገድ የሚገርም ነው፤ አረፋው ሳፖኒን ከሚባል ውህድ ስለሚመጣ እንደ ተራ ሳሙና አልካላይ አያመጣም። (ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያ ምርምራቸውን የጀመሩት በዚሁ ሳፖኒን ምክንያት ነው። ይህ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።)

ሌላው የሱፍ ጠባይ ቅርፊቱ ነው። ፋይበሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት አለው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እሽታ ሲገናኙ ፋይበሮቹ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ወደኋላ ግን ቅርፊቱ ስለሚይዛቸው መመለስ አይችሉም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናብ ቶሎ የማያሳልፍ ጨርቅ የሚገኘው ሆን ተብሎ እንዲህ ሲደረግ ነው። ሳይታሰብ ሲደረግ ደግሞ የአዋቂ ሹራብ ለሕፃን ይሆናል፤ ማስተካከያ የለውም። ገበያ ላይ «የሱፍ ሹራብ» የሚባለው ብዙው አክሪሊክ ስለሆነ ግን ይህ አደጋ አያገኘውም። የእሱ ችግር ሙቅ ካውያ ነው፦ ተለጥጦ ይቀራል።

ፖሊስተር ከሃይላንድ ጠርሙስ በምን ይለያል?

በኬሚስትሪው በምንም። ሁለቱም ፖሊኢትሊን ቴረፍታሌት ናቸው። ፍሬው ሁለት ነገር ተጋብተው የሚሰጡት ነው፦ ቴረፍታሊክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄትና ኢትሊን ግላይኮል፣ ማለትም በቀዝቃዛ አገር የመኪና ራዲያተር ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ። ሲጋቡ ውሃ እየወጣ ሰንሰለቱ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ናቸው ያገኙት። ናይለን ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካዊው ዋላስ ካሮተርስ ቤተ ሙከራ ተሠርቶ ነበር።

ክር የሚሆነው እንዲህ ነው። ፕላስቲኩ በ280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀልጦ፣ እንደ ማካሮኒ ማሽን ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው የብረት ሳህን ይገፋል፣ አየር ላይ ይረጋል፣ ከዚያ ከርዝመቱ ሦስትና አራት እጥፍ ድረስ ይሳባል። ይህ መሳብ ወሳኝ ነው፤ ከመሳቡ በፊት ሰንሰለቶቹ እንደ ተዘበራረቀ ልቃቂት ናቸው፣ ሲሳቡ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ጥንካሬውም ያኔ ይመጣል። ጥጥ እንዲመስል ሲፈለግ ክሩ በጥጥ ርዝመት ተቆራርጦ እንደገና ይፈተላል። ሲለበስ ሲታሽ ጫፎቹ ወጥተው የሚያበጁት ኳስ መሳይ ነገር ከጥጥ ላይ ተሰብሮ ሲወድቅ ከፖሊስተር ላይ አይወድቅም፤ ክሩ ጠንካራ ስለሆነ አንጠልጥሎ ይይዘዋል።

በፖሊስተር ፍሬ ላይ ውሃ የሚይዝ እጅ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ላቡ ጨርቁ ውስጥ አይገባም። ይህ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። የስፖርት ማሊያ ከፖሊስተር የሚሠራው ውሃው በክሮቹ መካከል እየተሳበ ተሰራጭቶ ቶሎ እንዲተን ነው፤ የጥጥ ማሊያ ግን ጠጥቶ ይከብዳል። ያው ፖሊስተር ጥቅጥቅ ብሎ ሲሸመንና ለገበር ሲውል ግን መንገድ የለውም፣ ላቡ ሰውነት ላይ ይቀራል።

ዘይትን ግን ይወዳል። የብብት ቅባት ይጣበቅበታል፣ ቅባቱን የሚመገቡ ባክቴሪያዎችም ይኖሩበታል፤ የታጠበ ሸሚዝ ገና ሲሞቅ መሽተት የሚጀምረው ይህ ቅባት ስላልወጣ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ጊዜ ማጠብ አይፈታውም። ብብቱን ገልብጦ የዱቄት ሳሙና ባለበት 40 ዲግሪ ገደማ ውሃ፣ ማለትም እጅ በደንብ የሚሞቀው ግን የማያቃጥለው፣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ይሻላል። መዓዛ ያለው የልብስ ማለስለሻ ነገሩን ያብሰዋል፤ እሱ ራሱ ቅባትነት ያለው ሽፋን ነው።

ጥለቱ ለምን ቀለም ይለቃል? የነከርነው ልብስስ ስፌቱ ለምን ነጭ ይቀራል?

ሰው ሲሞት ልብስ ጥቁር ያስነከረ ሰው ይህን አይቷል፦ ቀሚሱ ጠቁሮ ስፌቱ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። ጨርቁ ጥጥ፣ የተሰፋበት ክር ፖሊስተር ስለሆነ ነው። ፖሊስተር ቀለም የሚቀበለው ፋብሪካ ውስጥ በግፊት፣ በ130 ዲግሪ አካባቢ፣ ሰንሰለቶቹ በሙቀት ተላቀው ቀለሙን ሲያስገቡ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይታሰራል። የቤት ድስት ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ደጋ ላይ ደግሞ ከዚያም በታች ነው የሚፈላው። ድብልቅ ጨርቅ ከሆነ የሚጠቁረው የጥጡ ድርሻ ብቻ ስለሆነ ግራጫ ይወጣል።

ለጥጥ ቀለም የሚያዘው በዋነኛነት በሁለት መንገድ ነው። ርካሹ ቀለም ፋይበሩ ላይ ተደግፎ የሚቀመጥ ነው፤ እያንዳንዱ እጥበት ትንሽ ትንሽ ይወስደዋል። ሪአክቲቭ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ገበያ የወጣው፣ ከሴሉሎሱ ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራል። ለዚህ ሁለት አጋዥ ያስፈልጋል። ጨው ቀለሙን ከውሃው ወደ ጥጡ ይገፋዋል፣ የልብስ ሶዳ ደግሞ ትስስሩ እንዲፈጠር ያደርጋል። ለመነሻ ያህል በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ጨውና 10 ግራም ሶዳ ማለት ይቻላል፤ የቀለሙ መያዣ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ ግን እሱን መከተል ይሻላል። ሶዳው ከመጀመሪያው አብሮ ከገባ ቀለሙ ጥጡ ጋ ሳይደርስ ከውሃው ጋር ተጋብቶ ይከሽፋል፣ ጨርቁም ዝንጉርጉር ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለምና ጨው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሶዳ።

አንዴ የተሸመነን ጥለት ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ «ቀለሙን ማሰር» ግን የተለመደ ስህተት ነው። ጨው የሚሠራው በማቅለሚያው ውስጥ እያለ ነው። ኮምጣጤ ለሱፍና ለናይለን ቀለም እንጂ ለጥጥ አይጠቅምም። አዲስ ነጠላ ሲገዛ፣ እርጥብ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጥለቱ ላይ አምስት ደቂቃ ተጭኖ ቢቆይ ይለቅ እንደሆነ ይታያል። የሚለቅ ከሆነ ለብቻው፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዘፍና ሳይታጠፍ ይታጠባል። ነጩ ላይ ከተላለፈ ዋናው ነገር እንዳይደርቅ ነው፤ ውሃውን እየቀየሩ ያለቅልቁት። ከደረቀ በኋላ የተላለፈው ቀለም ነጩን ሸማ እንደራሱ ይይዘዋል።

ካውያና እሳት

ካውያ ላይ ያሉት ነጥቦች ትርጉም አላቸው፦ አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ ገደማ፣ ለአክሪሊክና ለናይለን፤ ሁለት 150 ገደማ፣ ለፖሊስተር፣ ለሱፍና ለሐር፤ ሦስት 200 ገደማ፣ ለጥጥ። የከሰል ካውያ ነጥብ ስለሌለው በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሞክሮ መጀመር ነው። የጥቁር ሱሪ ጉልበት ላይ የሚታየው ብልጭታ ቆሻሻ አይደለም፤ የፖሊስተሩ ገጽ ለስልሶ ጠፍጥፎ ነው፣ አይመለስም። እርጥብ ጨርቅ ከላይ አድርጎ መተኮስ ይከላከለዋል።

ፖሊስተር 260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ጥጥ ግን አይቀልጥም፣ ይከስላል። ቡና ሲፈላ የከሰል ፍንጣሪ ነጠላ ላይ ሲወድቅ ጠርዙ ቡናማ የሆነ፣ በጣት የሚረግፍ ቀዳዳ ይተዋል፤ የሽፎን ቀሚስ ላይ ሲወድቅ ዙሪያው እንደ ላስቲክ የደረቀ ቀለበት። ጥጥም እሳት ይይዛል፣ ፀጉራም ጋቢ እንዲያውም በፍጥነት፤ የፖሊስተርና የናይለን ልዩ አደጋ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ መጣበቁ ነው። ይህ ከደረሰ የተጣበቀውን መጎተት ቆዳውን አብሮ ይገሽልጠዋል። በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ጨርቁን እንዳለ መተውና ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ሻጩ «ጥጥ ነው» ሲል እንዴት ይረጋገጣል?

ከጨርቁ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር፣ ድሩን ለብቻ፣ ማጉን ለብቻ ያውጡ። ይህን መለየት የግድ ነው፤ የሐበሻ ልብስ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ስለሆነ፣ ማጉ ንጹሕ ጥጥ ሆኖ ድሩ ጥጥ ላይሆን ይችላል። ክሩን በወረንጦ ይዘው፣ ከሥር ውሃ ያለበት የብረት ሳህን አድርገው፣ መስኮት ከፍተው፣ ወደ ላይተሩ ከጎን ቀስ ብለው ያስጠጉት። አክሪሊክ ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ጭሱ በቀጥታ አይሸተትም፤ በእጅ ወደ አፍንጫ ትንሽ ማራገብ ይበቃል።

ጥጥ እሳቱን ሳይሸሽ ይይዛል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ጫፉ እንደ ዕጣን ፍም ይቀላል፤ የሚተወው በትንፋሽ የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ ከእሳቱ ሲርቁ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ የሚተዉት ጥቁር ነገር በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር እሳቱ ሳይነካው ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ በጥፍር የማይሰበር ጠጠር ይሆናል። አመድም ጠጠርም አንድ ላይ ከተገኙ ድብልቅ ነው።

እሳት ጥጥንና ቪስኮስን አይለይም፤ ሁለቱም ሴሉሎስ ናቸው። እነሱን የሚለየው ምራቅ ነው፦ የክሩን መሃል አርጥበው ከሁለት ጎን ይሳቡት። ቪስኮስ ከረጠበበት ቦታ በቀላሉ ይበጠሳል፣ ጥጥ ግን ደረቁ ጋ ነው የሚሸነፈው።

ሱቅ ውስጥ ክር መምዘዝም እሳት መለኮስም ካልተፈቀደ አንድ ጠብታ ውሃ ይቀራል። የታጠበ ጥጥ ወዲያው ይጠጣዋል፣ ፖሊስተር ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ገና ያልታጠበ አቡጀዲ ግን ንጹሕ ጥጥ ሆኖ ሳለ ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆመው ይችላል፤ የጥጡ ተፈጥሯዊ ሰምና ሲሸመን የተቀባው ስታርች ገና አልወጡለትምና።